በአፍ የሚነዳ መኪና

እኔ መኪና መንዳት አስተምሬው ያልቻለ ሰው በዚህች ምድር ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አግብቼዋለሁ።

ሌላው ሁሉ ችሏል። መሪ በጨበጠ ቁጥር ጸሎት የሚጀምሩት ጡረተኛ፣ ግራና ቀኟን የምታምታታዋ ነርስ፣ ስልኩን ካልነካካ ትንፋሽ የሚያጥረው ጎረምሳ፣ የሁሉም ጎን ተቀምጬ፣ ጮኼ፣ ተቆጥቼ፣ ሰው አድርጌያቸዋለሁ። ሠልጣኞቼ ከጀርባዬ «ፍሬን» ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል። የማሠልጠኛ መኪና በአስተማሪው በኩልም አንድ ትርፍ ፍሬን አለው፤ የኔ እግር ደግሞ ከዚያ ላይ ተነስቶ አያውቅም። በስሙ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ለመሄድ የሚቸኩል ሰው ሞልቷል፤ እኔ የምከፈለው ለማቆም ነው።

ባሌ ሶፋ ሠሪ ነው። ፀጉሩ ውስጥ፣ ቅንድቡ ላይ፣ ኪሱ ውስጥ የስፖንጅ ፍርፋሪ ስለማይጠፋ ሰፈሩ በሙሉ «ስፖንጅ» ይለዋል። በጠባዩም ያው ነው፤ ሲጫኑት ይገባል፣ ሲለቁት ይነሳል፣ ድምፅ የሚባል አይወጣውም። ከመጋባታችን በፊት መንዳት ላስተምረው ሞክሬ ነበር። መኪናው ገና ከመንቀሳቀሱ ሁለት እግሮቹን ብድግ አድርጎ ወንበሩ ላይ ሰቀላቸው።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ወለሉ ይንቀጠቀጣል» አለኝ።

በዚያው ተውነው። ሰው ሁሉ ሁሉን አይችልም፤ እኔም መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይሆንልኝም።

አሁን ስለ ጎመኑ ልንገራችሁ፤ እንዳትስቁ ብቻ።

ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ነበር። ልብ በሉ፣ ቆሜ! ሠልጣኝ እንኳ አብሮኝ አልነበረም፤ ብቻዬን መኪናውን ወደ መንጃ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቱ እየመለስኩ ነበር። ቀበቶዬን አስሬ፣ እጄን መሪው ላይ አድርጌ፣ ሕግ አክብሬ ቁጭ ብያለሁ። ከኋላዬ ጥቅል ጎመን የጫነ የጭነት መኪና መጣና ማቆሙን ረሳው። ቀጥሎ የማስታውሰው የኋላው መስታወት ረግፎ፣ መኪናው ጢም ብሎ በጎመን ተሞልቶ፣ አንዱ ጎመን ጭኔ ላይ ተቀምጦ ትክ ብሎ ሲያየኝ ነው። ጎመን ዓይን እንደሌለው አውቃለሁ። ያኔ ግን ነበረው።

ቀበቶው አልፈታ አለኝ። ቤንዚን ይሸተኛል። ከውጭ አንድ ሰው «እሳት እንዳይነሳ!» እያለ ይጮኻል። እኔ የቀበቶውን መፍቻ ደጋግሜ እጫናለሁ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል እንጂ አይለቅም። ሰዎች መጥተው በቢላዋ እስኪቆርጡት ድረስ እንደታሰርኩ ቆየሁ። የትከሻዬ አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ገጠመ። አንገቴም ዳነ። ያ ቀጭ የሚል ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ሰው አጠገቤ እስክሪብቶ ከፍቶ ሲዘጋ እንኳ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር።

ከሁሉ የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? አደጋዬ ያስቃል። ጠያቂ ፊቱን አጨፍግጎ ይመጣል፤ «እንዴት ሆነ?» ይለኛል፤ እነግረዋለሁ፤ ጎመኑ ጋ ስደርስ ከንፈሩን መንከስ ይጀምራል። አንዷ ጎረቤቴ እያጽናናችኝ ሳቋ አመለጣትና ሳል አስመስላ ወጣች። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ? ሁሉም ስቀው ሲጨርሱና ሲሄዱ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። ፈርቼ ነበር። የምሞት መስሎኝ ነበር፤ ያውም ጎመን ውስጥ።

ያልሳቀው ባሌ ብቻ ነው። ሆስፒታል ሲደርስ ከፀጉሬ ውስጥ አንድ የጎመን ቅጠል አወጣና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ጎመን ገብቶ አያውቅም።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ መኪና የሚባል ነገር ውስጥ መግባት አቃተኝ። አውቶቡስም፣ ታክሲም አልችልም። የምሄድበት ሁሉ በእግሬ ሆነ፤ ጫማዬ አለቀ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ጋሼ የምለው ሰውዬ፣ ደግ ሰው ነው፤ ቤት ድረስ መጥቶ አነጋገረኝ።

«ወንበርሽን ለማንም አልሰጥም» አለኝ፤ «ግን አዲሶቹ ሠልጣኞች ሲገቡ ጎናቸው የሚቀመጥ ሰው የግድ ነው። እስከዚያ ካልተሻለሽ ክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክት ታስተምሪያለሽ። እሱም እኮ ጥሩ ሥራ ነው።»

ጥሩ ሥራ! ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳለ መኪና ማንንም ገጭቶ አያውቅም፤ ማንንም የትም አድርሶም አያውቅም። ያቺ በአስተማሪ በኩል ያለች ወንበር ግን የኔ ናት። ሰው ፈርቶ ገብቶ ቀና ብሎ ሲወጣ የማየው ከሷ ላይ ሆኜ ነው። ከሷ ከተነሳሁ ማን እንደምሆን አላውቀውም።

የሄድኩባት የአእምሮ ሐኪም በደረጃ እንድለማመድ ነገረችኝ፤ መጀመሪያ ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ መቀመጥ። ሞከርኩ። የጎረቤታችን መኪና በር ተከፍቶ ሳየው ብቻ ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቆለፍኩ። ባሌ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

«ወንበሩስ?» አለኝ።

«የምን ወንበር?»

«የመኪና ወንበር። ለብቻው። መኪናውን ትቶ።»

አስቤ፣ «ወንበርማ ምን ያደርገኛል?» አልኩት።

በማግስቱ ከጋራዥ አንድ አሮጌ የመኪና ወንበር ተሸክሞ መጣ። የድሮውን ልብስ ገፎ፣ ስፖንጁን ቀይሮ፣ ከአንዲት ደንበኛው ሶፋ በተረፈ አበባ አበባ ጨርቅ አለበሰው። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አስቀመጠውና ወደ ሥራው ሄደ። መጀመሪያ ዙሪያውን ዞር ዞር አልኩ። ከዚያ ልብስ አጣጥፌ አስቀመጥኩበት። ከዚያ ልብሱን አነሳሁና ራሴ ተቀመጥኩ። አበባው ደስ ይላል።

ሁለተኛው ወንበር መጣ። ከዚያ መሪው መጣ፤ የአሮጌ ስፌት ማሽን እግር ላይ ገጠመው፤ ይዞራልም። ማርሹ የመጥረጊያ እንጨት ሲሆን ጫፉ ላይ የበር እጀታ ተሰክቶበታል። ፔዳሎቹ ሦስት ጣውላዎች ናቸው፤ ከሥራቸው ስፖንጅ ስላለ ሲረገጡ ይወርዳሉ፣ ሲለቀቁ ይነሳሉ። የእጅ መስታወቴ ስፖኪዮ ሆነ። የምግብ ጠረጴዛችን አደባባይ ሆነ። አንድ ቀን ባሌ ቀበቶ ይዞ መጣ፤ ከነመፍቻው።

«ይሄን አልፈልግም» አልኩ።

አልተከራከረኝም። ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ እዚያው ተሰቅሎ ቀረ።

አማቴ ደግሞ ስታመም ሊጠይቁኝ መጥተው መሄዱን የረሱ ሴትዮ ናቸው። መኪናችን መሪ በወጣለት ቀን ከጓዳ ወጥተው ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን።

«እኔስ?» አሉ።

«አንቺ ምን?» አላቸው ባሌ።

«እኔስ የት ነው የምቀመጠው? እናንተ ስትሄዱ እኔ ቤት ልጠብቅ?»

«እማዬ፣ የትም እየሄድን እኮ አይደለም!»

«ድሮም እኔን ይዞ ለመሄድ ሲሆን ነው የትም የማይኬደው» ብለው ተኮሳተሩ። በሳምንቱ የኋላ ወንበር ተሠራላቸው። ከዚያ ወዲያ ጫማቸውን ሳያደርጉና ቦርሳቸውን ሳይዙ አይገቡም። መኪና ደግሞ አይስማማቸውም። ሳሎን መሃል ቁጭ ብለው ገና አደባባዩን ሳንዞር «መስኮት ክፈቱልኝ፣ ሊያስመልሰኝ ነው» ይላሉ። መስኮቱን እከፍታለሁ፤ ይሻላቸዋል። ወጥ ቤት ሥራ ካላቸው «ወራጅ አለ!» ብለው ይጮኻሉ። ባሌ ያቆምላቸዋል፤ ልብሳቸውን አራግፈው ይወርዳሉ።

እንዴት እንደሚያቆም ግን ልንገራችሁ፤ ነገሩ በኋላ ጉድ ስላፈላ ነው። ሞተሩ የባሌ አፍ ነው። «ብርርርርር» ሲል እንሄዳለን፤ ማርሽ ሲቀይር ድምፁን ያወፍራል። እኔ በተፈጥሮዬ ሰው ሲያበላሽ አይቼ ዝም ማለት አልችልም። «ፍሪሲዮን ሳትረግጥ ማርሽ ትነካለህ? ጥርስ በጥርስ ልታደርገው ነው?» እለዋለሁ። «ስፖኪዮህን ሳታይ ልትወጣ? ፍሬቻህስ?» እለዋለሁ። እሱም ይረግጣል፣ ያያል፣ ያሳያል። ወለላችን የማይንቀጠቀጥ ወለል ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ሲለቅ አለቃቀቁ አንጀት ያርሳል። ይሄን ሰው የመንጃ ፈቃድ ፈተና አሳልፈዋለሁ ብዬ ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ፍሬኑ ጠፋ። ሦስት የነበሩት ጣውላዎች ሁለት ሆነዋል፤ መሃለኛው የለም። ብንፈልግ፣ ብንፈልግ፣ ለካ አማቴ የወጥ ቤቱ በር በንፋስ እየተዘጋ ስላስቸገራቸው ወስደው ከሥሩ ሸጉጠውታል።

«እማዬ፣ እሱ እኮ ፍሬን ነው!» አለ ባሌ።

«እና በሩ ይዘጋብኝ?»

«እኔ በምን ላቁም ታዲያ?»

«አፍህን ዝጋዋ!» አሉት። «በአፍህ አይደል የምትነዳው?»

እውነታቸውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሌ አፉን ሲዘጋ መኪናው ይቆማል ተባለ፤ ተስማማን። የፍሬን አስተማሪዋ እኔ ራሴ ተስማማሁ። ደስ ብሎኝ ስለነበር ይሆናል፤ ደስታ ሰውን ያዘናጋል።

ሁሉም ቀን ግን እንዲያ አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ አደባባዩን ስንዞር ውጭ መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና በኃይል ፍሬን ያዘ፤ ጎማው ሲጮኽ ቤታችን ድረስ ተሰማ። እኔ ደረቅሁ። የቤንዚን ሽታ መጣብኝ፤ ሳሎናችን ውስጥ የቤንዚን ሽታ ከየት ይመጣል? ባሌ አፉን ዘጋ። ከዚያ እጄን ያዘና እንዲህ አለኝ፤

«ቆመናል። መብራቱ ቀይ ነው። ከኋላችን ማንም የለም፤ እማዬ ብቻ ናት ያለችው።»

«እኔ ደግሞ ሰው ገጭቼ አላውቅም» አሉ አማቴ ከኋላ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እያስተካከሉ።

ሳቅሁ። እያለቀስኩ ሳቅሁ። ስለ አደጋዬ ሰው ስለሳቀ ሳይሆን ከራሴ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ሠልጣኞቹ ሊገቡ ሲቃረብ ጋሼ ጠራኝ። ሦስታችንም በእግራችን ሄድን፤ ባሌ በቀኜ፣ አማቴ በግራዬ፣ ቦርሳቸው በመካከላችን። የትምህርት ቤቱ መለማመጃ ሜዳ ሰፊ ነው፤ መሬቱ ላይ ነጭ መስመር ተቀብቶበታል፤ ጥግ ጥጉ ላይ አሮጌ ጎማ ተደርድሯል፤ ከጎማዎቹ ኋላ የግንብ አጥር አለ። ጋሼ መኪናዋን ሜዳው መሃል አስነስቶ አቁሟት ጠበቀኝ። የኔዋ ናት፤ በአዲስ ቀለም የተጠገነችው። ሞተሩ በቀስታ ያጉረመርማል።

«አትንጂም፤ አትነኪም። ቁጭ ማለት ብቻ ነው» አለኝ።

በሩን ከፈትኩ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነኝ። ወንበሩን አየሁት፤ አበባ የለበትም። ከጎኑ ቀበቶው ተንጠልጥሏል፤ መፍቻው ቀይ ነው። እግሬን ላነሳ ብል እግሬ የኔ አልሆን አለ። እንዲሁ በሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ጋሼ ደግሞ ሰው እንዳያፍር ሲፈልግ እንደሚያደርገው ወደ ሰማይ ያያል።

«ይበቃል እህቴ» አለኝ በመጨረሻ። «ክፍሉ እኮ ፀሐይ ይገባዋል። ጠመኔውም አዲስ ነው።»

ጥቁር ሰሌዳው ታየኝ። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

«አንዴ ቆይ ጋሼ!» አለ ባሌ። ድምፅ የሌለው ሰውዬ ድምፅ አወጣ። ዞሮ በሹፌሩ በር ገባና መሪውን ያዘ። «እይኝማ፣ የኔ እመቤት። ያው የኛው ነው እኮ። ይሄ መሪው ነው፤ ይሄ ማርሹ ነው። ከጨርቁ በቀር ምን ልዩነት አለው?»

የኋላው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። አማቴ ቦታቸውን ይዘዋል።

ባሌ ሊያስቀኝ ፈልጎ «ብርርርርር» አለ። እግሩ የለመደውን አደረገ፤ ፍሪሲዮን ረገጠ። እጁም የለመደውን አደረገ፤ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ስፖኪዮውን አየ፤ የግራ ፍሬቻ አሳየ፤ ከዚያ ፍሪሲዮኑን እኔ ባስተማርኩት መሠረት ቀስስስ አድርጎ ለቀቀ። በአስተማሪነት ዘመኔ እንደዚያ ያለ ለስላሳ አነሳስ አላየሁም። እውነቴን ነው፤ መኪናዋ ይዛቸው ስትሄድ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው።

ባሌ የገባው ትንሽ ቆይቶ ነው። ዓይኑ ፈጠጠ። አፉን ዘጋ።

መኪናዋ አልቆመችም።

አፉን ከፈተና እንደገና ዘጋው፤ ጠበቅ አድርጎ፣ ጉንጩ እስኪነፋ። አሁንም አልቆመችም። ያን ጊዜ ሁለት እግሮቹን ብድግ አድርጎ ወንበሩ ላይ ሰቀላቸው።

«አፌን ዘጋሁ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ፣ ወደ ግራ እየዞረች ትሄዳለች። ሳሎን ውስጥ ሁልጊዜ የሚዞረው ወደ ግራ ነው፤ ጠረጴዛው ያለው በግራ ነዋ። እኔ የከፈትኩት በር እንደተከፈተ ይወዛወዛል። ጋሼ በሹፌሩ በኩል እየሮጠ፣ ሩጫ ከተባለ፣ «እርገጥ! እርገጥ!» ይላል።

«የቱን?»

«መሃለኛውን!»

«መሃለኛው ወጥ ቤት ነው ያለው!»

«ምን? ቁልፉን አጥፋው እሺ! ቁልፉን!»

«የኛ ቁልፍ የለውም!»

ጋሼ ወፍራም ሰው ነው። ግማሽ ዙር እንደሮጠ ደረቱን ይዞ አንድ ጎማ ላይ ዘፍ አለ። እኔ በክፍቱ በር በኩል ከመኪናዋ ጎን ጎን እሄዳለሁ፤ መሮጥ እንኳ አላስፈለገኝም። እየተራመድኩ እቆጣለሁ። «እግርህን አውርድ!» እላለሁ። «ወለሉ ይንቀጠቀጣል!» ይላል። እጁ አልቦታል፤ መሪው ከእጁ እየተንሸራተተ ትንሽ ትንሽ ይመለሳል፤ በየዙሩ ክቡ ይሰፋል፤ ጎማዎቹና ግንቡ እየቀረቡ ነው። ከኋላ አማቴ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ለንፋሱ ሰጥተዋል።

«ዛሬስ ጥሩ ትነዳለህ» አሉት። «ምንም አላለኝም።»

ግንቡን አየሁት። ባሌን አየሁት። ያ ከፀጉሬ ቅጠል የለቀመ ሰው እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቶ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ በዓይኑ እኔን ይፈልጋል። በእኔ ምክንያት ነው እዚያ ያለው። ንዴቴ መጣ። ማን ነው በኔ መኪና ግንብ የሚገጨው?

ገባሁ።

ከዚያ ቀጥሎ ያደረግኩትን የነገረኝ ባሌ ነው፤ እኔ አላስታውሰውም። ገባሁ አሉ፤ በሩን ዘጋሁ፤ ወንበሩን ወደፊት ሳብ አደረግሁ፤ ግራ ቀኝ አየሁ። ከዚያ ሌላ ነገር አደረግሁ። ከዚያ ነው እግሬ የራሱን ቦታ አግኝቶ ትርፉን ፍሬን የረገጠው። መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች፤ ሞተሩም ጠፋ። ከፊት ለፊታችን ጎማዎቹ አሉ፤ በመሃላችን ድመት ብትገባ ሆዷን ሰብስባ ነው።

ባሌ አንድ እግሩን ቀስ አድርጎ አወረደ። ሁለተኛውን አወረደ። ወደ እኔ ዞረና አፉ እንደተዘጋ ቀረ፤ ወደ ትከሻዬ፣ ከዚያ ወደ ወገቤ ያያል።

«አሰርሽው እኮ» አለኝ።

ወደ ታች አየሁ። ቀበቶው ደረቴ ላይ ተጋድሟል፤ መፍቻው ገብቶ ተቆልፏል። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል፣ ግንቡ እየመጣ፣ ፍሬን ከመርገጤ በፊት ቀበቶዬን አስሬያለሁ። ቀጭ ብሏል ማለት ነው። ጆሮዬ ሥር ቀጭ ሲል እኔ ሥራ ይዤ አልሰማሁትም።

አሁን ሰማሁት፤ ዘግይቶ። ባሌ ሊፈታልኝ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ መልሶ ሰበሰበውና ጠበቀ። አውራ ጣቴን ቀዩ ላይ አደረግሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ተጫንኩት።

ቀጭ አለ፤ ለቀቀኝ። እንዲያው በአንዴ፣ ምንም ሳያስቸግር ለቀቀኝ፤ ቀበቶውም ተጠቅልሎ ቦታው ገባ። ብፈልግ መውረድ እችላለሁ። በሩ እዚያው ነው፤ ሜዳው እዚያው ነው። ይሄን ሳውቅ ከሆዴ አንድ ትልቅ ነገር ወጣ፤ ልቅሶ ይሁን ሳቅ አልለየሁትም።

መልሼ አሰርኩት።

ጋሼ እያለከለከ ደረሰ። በመስኮቱ አጎንብሶ መጀመሪያ ጎማዎቹን አየ፤ ከዚያ ቀበቶዬን አየ፤ ከዚያ እኔን። የሚለው ብዙ ነገር እንደነበረው ፊቱ ይናገራል።

«ሠልጣኞቹ ሰኞ ጠዋት ይገባሉ» አለ በመጨረሻ። «ይሄንን ግን እንዳታመጪው።»

ባሌን ነው።

ጋሼ ሄደ። እኔ አልወረድኩም። መፍራቱንስ ፈርቻለሁ፤ ግን አልወረድኩም። ባሌ፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ መኪናዋ እንደቆመች፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ብርርርር» ማለት ጀመረ። ሳሎናችን ውስጥ ከፍርሃቴ በኋላ እንደገና ስንነሳ እንደሚያደርገው ነው፤ አንደኛ ማርሽ፣ በቀስታ።

«ስፖኪዮህን እይ» አልኩት።

አየ።

«ፍሬቻ።»

አሳየ።

«ደግሞ ወዴት ነው የምንሄደው?» አሉ አማቴ ከኋላ።

«ሥራ» አልኳቸው።

«እንግዲያው እኔን ወጥ ቤት አውርዱኝ» አሉ።